የአገጭ ቦታ ያለው ቤዝ ጊታር

ኦሪያኖ ታምፒዬሪ በየማለዳው ፊቱን ከመላጨቱ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋና የገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ቤዝ ጊታሩን ጭኑ ላይ ያሳርፈዋል። ከድምፅ ማጉያ ጋር አያገናኘውም። ከጊታሩ አካል ወደ ላይ እንደ በሬ ቀንድ የወጣችው ጫፍ ላይ አገጩን ያሳርፍና ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ይመታል። በር ላይ ለቆመ ሰው ያ ድምፅ ከዝንብ ጥዝታ አይበልጥም። ለኦሪያኖ ግን በመንጋጋው አጥንት አልፎ ጭንቅላቱን ሞልቶ ይሰማዋል። ከዳንስ ስልቶቹ መጀመሪያ ዋልስ፣ ቀጥሎ ማዙርካ፣ መጨረሻ ላይ ፖልካ ይጫወታል። ሚስቱ ኦሊንዳ በሩን እስክትደበድብ ድረስ እዚያው ነው። ከዚያ ተላጭቶ ቡናውን ቆሞ ይጠጣና በብስክሌት ወደ ፍራፍሬ ማኅበሩ መጋዘን ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ የኮክ ሣጥን ሲደረድር ይውላል።

ልማዱን የጀመረው ልጃቸው ጨቅላ ሳለች እንዳይቀሰቅሳት ብሎ ነበር። ልጅቷ አድጋ፣ አግብታ ቦሎኛ ገብታለች። ልማዱ ግን ከቤት አልወጣም። የድሮው ጊታሩ ቀንድ ላይ አገጩ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቶ ይታይ ነበር።

በጣሊያን፣ ሮማኛ በሚባለው ክፍለ ሀገር የዳንስ ኦርኬስትራ ሁሉ የአንድ ሰው ስም ነው ያለው። ኦሪያኖ የሚጫወትበት ኦርኬስትራ የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የማንሊዮ ጋቴሊ ነው። "ማንሊዮ ጋቴሊ" የሚለው ጽሑፍ በአውቶቡሱ ጎን፣ በትልቁ ከበሮ ፊት፣ በኖታ ማስቀመጫዎቹ፣ በሰማያዊ ኮታቸው የደረት ኪስ ላይ ሳይቀር አለ። ኦሪያኖ ጎልማሳ ሳለ የገባበትን ኦርኬስትራ ኮት እስከ ሽበቱ ሲለብስ የሌላ ሰው ስም ደረቱ ላይ መኖሩ አንድም ቀን ከንክኖት አያውቅም። ዘፋኟም፣ ሳክስፎኒስቱም፣ ድራመሩ ቫስኮም ያንኑ ስም ለብሰዋል። ስም የሌለው ሁሉም ከሆነ ማን በማን ይቀናል?

ሎሪስ ቤርዶንዲ እስኪመጣ ማለት ነው።

ሎሪስ የፉዚኛኖ ልጅ ነው፤ ኦሪያኖ ከሚኖርባት ከሉጎ ከተማ በብስክሌት የሚደረስ መንደር ነው። ሃያ ዓመቱ ላይ ማንሊዮ ጊታር እንዲጫወት ቀጠረው። ሁለት በጋ አብሯቸው ዞረ። በባሕር ዳር ከተሞች ሲያድሩ የኦሪያኖ የክፍል ጓደኛ እሱ ነበር። ቤዝ መጫወት የተማረውም ከኦሪያኖ ነው፤ ያኔ "እርስዎ" እያለ፣ ኦሪያኖ ሲጨርስ ጊታሩን ተቀብሎ እየጠረገ። ከሁለተኛው በጋ በኋላ ሚላኖ ሄደ። ከዚያ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ ስታዲየም ከሚሞሉ ዘፋኞች ጀርባ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ አስይዞ።

ሎሪስ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ኦሪያኖ አንድ ሥራ ትዝ ይለዋል። ወይ የጓሮውን በር ሊዘጋ ይነሣል፣ ወይ ውሻው ውኃ እንዳለው ሊያይ ይወጣል። ግን በሩ ሥር ቆሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይሰማል። ስለ ሎሪስ ማንንም አይጠይቅም። ሰው ካላነሣለት ይከፋዋል፤ ካነሣለት ደግሞ ይበሳጫል። በዓመታት ውስጥ ስለ ሎሪስ የሚያውቀው ነገር ሎሪስን የወለደችው እናቱ ከምታውቀው በለጠ፤ ከየትኛው ዘፋኝ ጋር እንደተጣላ፣ ጠቆር ያለችው ሚስቱ ለምን እንደተወችው፣ የትኛውን የእጅ ሰዓት እንደሚያስር። ይህን ሁሉ ከየት እንደሰበሰበው ራሱም አያውቅም።

በዚያ የጸደይ ወቅት ከአውቶቡስ ዕቃ ሲያወርዱ ማጉያው ከቫስኮ እጅ አምልጦ የኦሪያኖ ጊታር ላይ ወደቀ። አንገቱ ተሰበረ። ሙጫ ገባለት፤ ግን ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ ቅኝቱ ይወርዳል። ይህን የሰሙት የእሑድ ከሰዓት ተደናሾች ናቸው። ባኛካቫሎ አጠገብ ባለው አዳራሽ እሑድ ከምሳ በኋላ የሚደንሱት ሰዎች ከኦርኬስትራው ውስጥ ዘፋኟን ያደንቃሉ፤ ማንሊዮን ይወዳሉ፤ ቤዙን ግን የራሳቸው ንብረት አድርገው ነው የሚያዩት። እግራቸው የሚከተለው እሱን ነው። አለቃቸው ዙልማ ናት፤ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ፣ ከሞተ ባሏ ይልቅ ስለ ጫማዋ ሶል የምታወራ ሴት። እሷ በየጠረጴዛው ዞራ አሰባስባ ገንዘቡን ሉጎ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ለሚሸጠው ለኔሪዮ ሰጠችው። ኦሪያኖን ደግሞ ሄደህ ምረጥ አለችው። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበችው፤ የበጋው የዳንስ ወቅት በሚከፈትበት እሑድ አዲሱን ይዞ እንዲመጣ።

ኔሪዮ በተሰጠው ገንዘብ ልክ የሚሆኑ ሁለት ቤዝ ጊታሮች ከግድግዳ አውርዶ ጠበቀው። ሁለቱም ባለስም ናቸው። በዚህ ዘመን ደህና መሣሪያ በስም ነው የሚወጣው፤ ሠሪው አንድ የታወቀ ተጫዋች ጠርቶ በእጁ ልክ ይሠራለታል፣ በጊታሩ ራስ፣ ክሮቹ በሚወጠሩበት ጫፍ ላይ ፊርማውን ያስቀምጥበታል፣ ከዚያ ያንኑ ለማንም ይሸጣል። አንደኛው ራሱ ላይ የኤልዉድ ፕራት ፊርማ አለበት። ፕራት የሞተ አሜሪካዊ ነው፤ ኦሪያኖ በወጣትነቱ ሸክላው እስኪያልቅ የሰማው ሰው። ሁለተኛው የተሠራው ከሮማኛ በታች፣ ማርኬ በሚባለው ክፍለ ሀገር ባለ አነስተኛ ወርክሾፕ ነው። ራሱ ላይ በወርቃማ ቀለም፣ ፊደሎቹ ተያይዘው፣ ሎሪስ ቤርዶንዲ ይላል።

"ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣" አለ ኔሪዮ ወደ ሁለተኛው እየገፋው።

ኦሪያኖ የፕራትን አነሣ። ከባድ ነው። አንገቱ ሰፊ ነው። ድምፁ ግን ሱቁን ሞላው፤ ኦሪያኖ እንደገና የሃያ ዓመት ልጅ የሆነ መሰለው። ትንሽ እንደተጫወተ የግራ እጁ የቀለበት ጣት መነዝነዝ ጀመረ። መገጣጠሚያው ካበጠ ቆይቷል፤ ግማሹ የክሩ ግማሹ የሣጥኑ ሥራ ነው። ጣቱን ዘርግቶ ሰብሰብ አደረገና ለኔሪዮ ሳያሳይ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ለይሉኝታ ያህል የሎሪስን አነሣ። ተቀመጠና ጭኑ ላይ አደረገው። ምንም ሳያስብ አንገቱን ደፋ፤ አገጩ እንደ ልማዱ ወደ ቀንዱ ወረደ። እንጨቱ ተቀበለው። ቀንዱ ላይ የግማሽ እንቁላል ያህል ስፋት ያላት፣ በደንብ የተለሰለሰች ጎድጓዳ ቦታ ነበረች። አገጩ ትራስ ላይ እንደተኛ ራስ ገባ አለ።

ኦሪያኖ ቀና አለ። ቦታዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

"እሷ የአገጭ ማረፊያ ናት፣" አለ ኔሪዮ። የሠሪው ሰው ሲመጣ እንዳብራራለት፣ ሎሪስ ገና ልጅ ሳለ በራሱ ያገኘው ዘዴ ነው፤ ያለ ማጉያ በአጥንቱ ያዳምጣል። እንዲህ ያለ ጊታር ሌላ የትም የለም።

"ልጅ ሳለ?"

"እንደዚያ ነው ያሉኝ።"

"ሃያ ዓመቱ ነበር፣" አለ ኦሪያኖ።

ኔሪዮ አልገባውም። ኦሪያኖም አላስረዳውም። በባሕር ዳሯ ከተማ ቼዜናቲኮ ያደሩበት ማረፊያ ትዝ አለው፤ ሰማያዊው ገንዳ፣ በሩ ያልተዘጋው መታጠቢያ ቤት፣ በውስጥ ሱሪው በሩ ላይ ቆሞ ፀጉሩን እያከከ የሚያየው ሎሪስ። ምን እያደረጉ ነው ብሎ ጠየቀው። ኦሪያኖም ና ሞክረው አለው። ና ሞክረው ያለው እሱ ራሱ ነው።

የሎሪስን ጊታር እንደ ሙቅ ድስት አስቀመጠና የፕራትን ጠቅልልልኝ አለ። ኔሪዮ ካልተስማማህ በጋው እስኪከፈት ድረስ መመለስ ትችላለህ አለው። ኦሪያኖ አያስፈልግም ብሎ ወጣ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሉጎን አዳረሰ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት የእኛን ልጅ ትተህ ምነው አለችው። መጋዘኑ ውስጥ ሣጥን የሚያቀብለው ሰው የዚያ የሞተው አሜሪካዊ ዘመድ ምናምን ነህ እንዴ ሲል ቀለደበት። ዙልማ ደግሞ ስልክ ደወለች። ሎሪስ የፉዚኛኖ ልጅ ነው፤ እናቱ ከእኔ ጋር ነው ስፌት የተማረችው፤ እኛ ገንዘባችንን ብናዋጣ አንተ የውጭ አገር ሬሳ ገዛህበት አለችው። ኦሪያኖ ለሁሉም የመለሰው አንድ ነው፤ ድምፁ ይሻለኛል። ቅናት ነው ያለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ግን እንደዚያ የሚያስብ መሰለውና መልሱን እየተናገረ ፊቱ ይቀላ ነበር።

ልምምዱ የተደረገው በጋው ከመከፈቱ በፊት ባለው እሑድ፣ በዚያው አዳራሽ ነው። በሩ ስለማይዘጋ ዙልማና ጥቂት ሰዎች ጫማቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ዋልሶቹ አለፉ። ማዙርካው ላይ ጣቱ ነዘነዘው፤ ቻለው። ፖልካው ላይ ሲደርሱ የቀለበት ጣቱ በሰፊው አንገት ላይ ክሩ ዘንድ አልደርስ አለ። አንድ ድምፅ ጎደለ። ቀጥሎ ሌላ። ቫስኮ ከከበሮው ጀርባ ቀና ብሎ አየው። ማንሊዮ አኮርዲዮኑን መጫወት ሳያቆም ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ በአገጩ ምልክት ሰጠ፤ ኪቦርዱ በግራ እጁ የቤዙን መስመር ያዘ። ፖልካው ሳይደናቀፍ ቀጠለ።

ኦሪያኖ እጁን ክሩ ላይ አሳርፎ ቆመ። ያለ እሱ የሚሄደውን ዘፈን ሰማ። ከተደናሾቹ የቆመችው ዙልማ ብቻ ናት። ሌሎቹ ይዞራሉ።

ሲጨርሱ ማንሊዮ ወደ አውቶቡሱ ጀርባ ወሰደው። ሲጋራ አወጣ፤ አላቀጣጠለውም።

"ጣትህ ነው ወይስ ጊታሩ?"

"ጊታሩ ነው።"

"እንግዲህ ጊታሩ ከሆነ ጥሩ።" ማንሊዮ ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰካ። "እኔ የማልፈልገውን ነገር አታስደርገኝ። ሌሎቹ ኦርኬስትራዎች ቤዝ ተጫዋች ካሰናበቱ ቆዩ። ያ የኪቦርዱ ልጅ ግራ እጁ ሥራ ፈት ነው፤ በየቀኑ ቤዙን እኔ ልያዘው ይለኛል። እሑድ እንደዛሬው ከሆነ ለበጋው እሱ ይይዘዋል። አንተ ደግሞ መጥተህ ትደንሳለህ።"

"ዳንስ አልችልም።"

"አውቃለሁ፣" አለ ማንሊዮ።

ቤት ሲገባ ኦሊንዳ ሾርባውን አቅርባ ነበር። ጣቱን አየች። ኦሪያኖ ማንሊዮ ያለውን ነገራት፤ ከዚያ ስለ ሎሪስ ጊታር፣ ስለ ጎድጓዳዋ ቦታ፣ ኔሪዮ ስላለው ሁሉ ነገራት። ሲናገር ድምፁ እየጨመረ ሄደ። ሌባ ነው አለ። አገጬን ሰርቆ ይሸጣል፤ ደግሞ ለእኔው ይሸጥልኛል አለ።

ኦሊንዳ ዳቦዋን ቆረሰች። "ኦሪያኖ፣ ያንን ሰው ስንት ዘመን ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠኸዋል። ሳህን ብቻ ነው ያላቀረብኩለት።"

ኦሪያኖ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እኔ ስለ ጊታር አላውቅም፣" አለች። "ግን እሑድ እሑድ ቤት ተቀምጠህ ማየት አልፈልግም። ያንን አልችልም። ስሙን አልፈልግም ካልክ ሸፍነው። ጣትህ ማንበብ አይችልም።"

በማግስቱ ከሥራ መልስ ኔሪዮ ዘንድ ሄደ። የሎሪስ ጊታር ግድግዳው ላይ አልነበረም። ኔሪዮ ምንም ሳይጠይቅ ጎንበስ ብሎ ከባንኮው ሥር አወጣው። ያ ጎንበስ ማለት ኦሪያኖን ከስድብ በላይ አሳፈረው፤ ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። የፕራትን ጊታር መለሰ። ሲወጣ የፕራትን ፊርማ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው።

በሚቀጥሉት ማለዳዎች ገንዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ከሎሪስ ጊታር ጋር ነው። አንገቱ ጠባብ ነው፤ ጣቱ አይነዘንዘውም። አገጩ ቦታው ላይ ሲገባ ድምፁ ከድሮው ጊታር ይልቅ ጠርቶ ይመጣል። ይህ ነበር ያበገነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይስቅ ነበር። አገጩን ባሳረፈ ቁጥር ሎሪስ ሚላኖ ውስጥ፣ ከእሱ ገንዳ በሚበልጥ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያው ሰዓት ያንኑ ድምፅ ሲሰማ ይታየዋል። ያ ድምፅ የኦሪያኖ ብቻ ነበር። ለኦሊንዳ እንኳ ማካፈል ያልቻለው ነገር ነው። አሁን አንድ ሌላ ሰው በየማለዳው አብሮት ይሰማዋል፤ ያውም በስሙ አስመዝግቦ።

እሑድ ጧት የጊታሩ ራስ ላይ ያለውን ስም በጥቁር ፕላስተር ሸፈነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወይን ጠጅና ፒያዲና የሚሉትን ቂጣ የሚሸጡት ሴቶች ፊት ገና ሳይጀመር ሰው ተሰልፏል። ቫስኮ ከበሮውን እየወጠረ ፕላስተሩን አየ።

"ምነው፣ ቆሰለ እንዴ?"

"ዝም በልና ከበሮህን ምታ።"

"አይ፣ ስጠይቅ ነው። እኔ እንኳ ሰብሬ የማውቀው አንገት እንጂ ራስ አልፈነከትኩም።"

ዙልማ ይህን ሰምታ መድረኩ ሥር መጣች። ጊታሩን ወደ እሷ ዝቅ እንዲያደርገው ጠየቀችው። ኦሪያኖ ልታየው ፈልጋ መስሎት ዝቅ አደረገላት። ክር ስትነቅል በኖረችበት ጥፍሯ የፕላስተሩን ጫፍ ይዛ በአንድ ጊዜ ላጠችው። ወርቃማው ስም ብቅ አለ። ዙልማ ፕላስተሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እንግዳ መጥቷል፤ እንዲህ ሆኖ ቢያየው ምን ይላል አለችው።

እንግዳው ሎሪስ ነው። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ዙልማ ናልን ብላዋለች። በመግቢያው አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ተቀምጦ ፒያዲና ይበላል፤ ሰዎች ትከሻውን እየነኩት ያልፋሉ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን አስጠግተው ፎቶ ያስነሣሉ። ፀጉሩ ሸብቷል። ኦሪያኖ ሽበቱ እንኳ እንዳማረበት አየ።

ማንሊዮ ዋልሱን ጀመረ። ኦሪያኖ ዓይኑን ከመግቢያው ነቅሎ ተደናሾቹ እግር ላይ ተከለ። የእሱ ሥራ እዚያ ነው። ማዙርካ ላይ ሁለተኛውን ምት ትንሽ፣ ማንም ሊቆጥረው የማይችለውን ያህል ያዘገየዋል፤ ተደናሹ እግሩን የሚያንሸራትተው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። ጣቱ ታዘዘለት። ፖልካው መጣ፤ ጣቱ አሁንም ታዘዘ። ጥንዶቹ እንደ ተጠመዘዘ አሻንጉሊት ዞሩ። የኪቦርዱ ልጅ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማንሊዮ ወደ ኦሪያኖ ዞሮ አንዴ ራሱን ነቀነቀ፤ ከማንሊዮ ይህ ብዙ ነው።

እረፍት ሲሆን ሎሪስ ሁለት ብርጭቆ ሳንጆቬዜ ቀይ ወይን ይዞ ወደ መድረኩ መጣ። አንዱን ሰጠው።

"እንዴት ነህ ኦሪያኖ?"

እርስዎ የሚለው ቀርቷል። ኦሪያኖ ብርጭቆውን ተቀበለ። ደህና ነኝ አለ። ሎሪስ ጊታሩን በዓይኑ ዳሰሰና ተስማማህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

"ያቺ የአገጭ ቦታ፣" አለ ኦሪያኖ። በየማለዳው ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ከዚህ በላይ አልወጣለትም።

"እሷማ ያንተ ናት፣" አለ ሎሪስ፤ የተዋሰውን ጃንጥላ እንደሚመልስ ሰው ቀለል አድርጎ። "ሠሪዎቹ ልዩ የሆነ ነገር ንገረን አሉኝ። ሌላ ሰው ላይ የሌለ። ቀኑን ሙሉ ብቀመጥ አንድ ነገር አልመጣልኝም። እውነቴን ነው፣ እኔ ልዩ ነገር የለኝም፤ የሰጡኝን ነው የምጫወተው። ከዚያ አንተ ቼዜናቲኮ ገንዳው ላይ ትዝ አልከኝ። ነገርኳቸው፤ ስምህንም ነግሬአቸዋለሁ። ጊታሩ ሲወጣ አንተ የለህበትም። አስተካክሉ አልኳቸው፣ እሺ አሉ፤ አላስተካከሉም። እኔም መልሼ አልጠየቅኩም።"

ኦሪያኖ ወይኑን ተጎነጨ። "አንተስ? ጧት ጧት?"

"ጧት ጧት ምን?"

"አገጭህን።"

"እኔ?" ሎሪስ ሳቀ። "ያኔ ካሳየኸኝ በኋላ አንዴ ሞከርኩት። ምንም አልሰማሁበትም። ጥርሴን ነዘረኝ እንጂ።"

መጀመሪያ ኦሪያኖ ደስ አለው። ደስታው ከወይኑ ጋር ሙቅ ሆኖ ሆዱ ውስጥ ወረደ። ሚላኖ ውስጥ ገንዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። ያ ድምፅ አሁንም የእሱ ብቻ ነው፤ ሎሪስ የወሰደው ቅርፊቱን ነው። ከዚያ ግን ደስታው ወደ መራራነት ተለወጠበት። ይህን ሁሉ ዘመን ሎሪስን ሎሪስ ያደረገው ከእኔ የወሰደው ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። አልወሰደም። ያለ እሱም ሆኗል። ኦሪያኖ ከተሰረቀ ሰው ይልቅ ያልተሰረቀ ሰው እንደሚብስበት ከዚህ በፊት አስቦት አያውቅም።

ዙልማ ከታች ሎሪስ አንድ ይጫወትልን ብላ ተጣራች። አዳራሹ ተቀበላት። ሎሪስ እጁን አወዛወዘ፤ ጭብጨባው ጨመረ። ወደ ኦሪያኖ ዞሮ አየው፤ አልጠየቀም፣ ጠበቀ። ኦሪያኖ ማሰሪያውን ከትከሻው አወለቀና ጊታሩን ሰጠው። ከዚያ መድረኩ ጥግ፣ የኖታ ሣጥኖቹ አጠገብ ቆመ።

ማንሊዮ ማዙርካ ጀመረ። ሎሪስ ገባበት። ኦሪያኖ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ አወቀ። ጣቶቹ ይሮጣሉ፤ ዜማው ሥር ሌላ ዜማ ይዘረጋሉ፤ ኦሪያኖ የማያውቃቸውን ድምፆች ከዚያው እንጨት ያወጣሉ። ሁለተኛውን ምት ግን በሰዓቱ ይመታዋል፣ ቀጥ አድርጎ። ሁለት ዙር የዞሩ ጥንዶች ነበሩ። እግራቸው የሚንሸራተትበት ቦታ አጣ፤ ቀዝቀዝ አሉ፤ ቆሙ። አንድ በአንድ ሁሉም ቆሙ። ዙልማም ቆመች። ግን ማንም ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰም። እጃቸውን እንደተያያዙ ወደ መድረኩ ዞሩና ያዳምጡ ጀመር።

በዚያ አዳራሽ ተደናሽ ካቆመ ኦርኬስትራው ተዋርዷል ማለት ነው። ማንሊዮ ያውቀዋል፤ ጆሮው ቀልቷል። ሎሪስ ግን ፈገግ ብሎ ይጫወታል፤ ስታዲየም ውስጥ ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው። ኦሪያኖ በልቡ ተሳስቷል፣ ተሳስቷል ይላል። አፉ ላይ ደግሞ ሳቅ ሊመጣ ይቃጣዋል። ከዚያ ፊታቸውን አየ። ዙልማ አፏን ከፍታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው፣ አንዲትም ዘፈን፣ ቆሞ አዳምጦት አያውቅም። ሳቁ ጠፋ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ሎሪስ ጊታሩን መለሰለት። ላቡን እየጠረገ፣ "ምነው አልደነሱም?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኦሪያኖ ማሰሪያውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። መልሱን ያውቀዋል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ዓመታት ሙሉ ሎሪስ አንድ ነገር እንዲጠይቀው ሲመኝ ኖሯል።

"እንጃ፣" አለው። "ደክሟቸው ይሆናል።"

ሎሪስ ራሱን ነቅንቆ ወረደ። ማንሊዮ ያንኑ ማዙርካ ከመጀመሪያው ጀመረ። ኦሪያኖ ሁለተኛውን ምት ያዝ አድርጎ ለቀቀው፤ ጥንዶቹም ማንም ሳያዝዛቸው መንሸራተት ጀመሩ። ወደ መድረኩ የሚያይ አልነበረም።

ሲያበቁ ማንሊዮ የኪቦርዱን ልጅ ጠርቶ በጋውን ሙሉ በቀኝ እጁ ብቻ እንዲጫወት ነገረው። ሎሪስ ከመሄዱ በፊት መጥቶ እጅ ነሣ። ለሠሪዎቹ እንደገና እደውላለሁ አለ። ኦሪያኖ አያስፈልግም አለው፤ ይህን ሲል እንዲደውል እንደሚፈልግ ያውቃል።

ሰኞ ማለዳ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፕላስተር አልለጠፈም። መስተዋቱ ውስጥ ግን ወርቃማው ስም ታየው፤ ተነሥቶ ዞሮ ተቀመጠ፣ የጊታሩ ራስ ወደ ግድግዳው እንዲሆን። አገጩን ቦታው ላይ አሳረፈና ወፍራሙን ክር መታ። ኦሊንዳ በሩን ስትደበድብ ማዙርካው ላይ ነበር።

ቅዳሜ ኦርኬስትራው ቼርቪያ ከተማ ይጫወታል። አውቶቡሱ ከምሳ በኋላ ይነሣል።